አልዘጋ ያለ ቦይ

እኛ የሸዋ ሮቢት ሰዎች መድኃኒትን የምንመዝነው በወባ ነው። ያንቀጠቅጠናል፣ እንመረመራለን፣ ኪኒን ይሰጠናል፣ በሦስተኛው ቀን ላባችንን ጠርገን ማሳ እንወርዳለን፤ አለቀ። ከልጅነታችን የለመድነው ይኸው ስለሆነ፣ በሦስት ቀን ያላነሳንን መድኃኒት ውኃ ነው እንለዋለን፤ ካነሳን ደግሞ የተረፈውን ለጎረቤት እናካፍላለን። እኔ በዚህ ሚዛን እጆቼን ላጣ ነበር። ይህን የምጽፈው ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ላሏት፣ "ብርድ ነው፣ ይለቅሻል" ለተባለች ሴት ነው፤ ወንድ ከሆነም ያንብበው፣ አልከለክልም። ከንፈር እንዲመጠጥልኝ ግን አይደለም። ከንፈር የሚመጥጥልኝ ሰው ጠግቤአለሁ።

ስሜ ዘሐራ ነው። ከከተማው ወረድ ብሎ የሮቢ ወንዝ የሚያጠጣው ቁራሽ መሬት አለኝ፤ አባቴ ከመሞቱ በፊት "ይቺ የዘሐራ ናት" ብሎ በሽማግሌ ፊት የሰጠኝ ነው። ከባሌ ከእንድሪስ ጋር በበጋ ሽንኩርት፣ በክረምት ማሾ እናመርትበታለን። ውኃው በተራ ነው። ተራውን የሚያስከብሩልን ሽማግሌ ጋሽ ይማም ይባላሉ፤ የውኃ አባት እንላቸዋለን። የእኛ ቦይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። ባለተራው ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ "ተራው የእኔ ነው" ይላል፣ ጭቃውን በገዛ እጁ ያነሳል፣ ሲጨርስም በገዛ እጁ ይዘጋል። አካፋ ለማሳው ነው፤ ለቦዩ አፍ ግን እጅ ነው። የታመመ ሰው ሌላ ሰው መላክ ይችላል፤ ዓመት ሙሉ በሰው እጅ ያስከፈተ ግን ተራው ለከፈተለት ሰው ይሆናል። ደንቡ የወጣው መሬቱን ጥሎ ከተማ የሚኖር ሰው እንዳይበዛ ነው፤ ለበሽተኛ ብሎ ያሰበው የለም። በእኛ ቆላ ውኃ የሌለው መሬት ደግሞ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የከዱኝ ጣቶቼ ናቸው። የእንድሪስ አክስት ደብረ ሲና አርፈው ለለቅሶ ወጥተን ነበር። ቆላ ሰው ደጋ ሲያድር እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነጋ። ተመልሰን ብዙም ሳንቆይ የሽንኩርት ችግኝ የምንተክልበት ሰሞን ደረሰ። አንድ ጠዋት ለልጄ ለሐያት የደንብ ልብሷን ልቆልፍላት ብል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። አብጠዋል፣ ይሞቃሉ፣ ያውም ሁለቱም እጅ እኩል።

"እማ፣ እጅሽ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"ተኝቼበት ነው" አልኳት። ሁለቱንም እጅ በአንድ ጊዜ እንዴት እንደተኛሁባቸው አላህ ይወቅ።

ረፋድ ላይ ቀስ በቀስ ተፍታቱልኝና ማሳ ወረድኩ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። እየቆየ የእጄ አንጓ፣ ከዚያ የእግሬ ጣቶች ተከተሉ። ድካሙ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ምንም ሳልሠራ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም የዋልኩ ያህል እዝላለሁ። ሱጁድ ስወርድ መዳፌ መሬት ላይ አልዘረጋ ስላለኝ ተቀምጬ መስገድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

መንደሩ በአንድ ድምፅ ፈረደ፤ "ለቅሶ ስትወጣ የጣርማ በር ብርድ ገብቶባት ነው።" ብርድ ለገባበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የሮቢ ወንዝ አሸዋ። ቀትር ላይ፣ አሸዋው እግር በሚያቃጥልበት ሰዓት፣ የታመመውን ክፍል ይቀብሩታል፤ ብርዱ በላብ ይወጣል ይባላል። ሐሳቡን ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነው።

"እናታችንን ጉልበቷን ያሻላት ይኸው አሸዋ አይደለም?" አለ።

"የእሷ ጉልበት ቀዝቃዛ ነበር ጋሼ፤ የኔ እጅ እኮ እንደ እሳት ይፋጃል። የሚፋጅ ነገር ውስጥ ምን ብርድ አለ?"

"አንቺ ደግሞ መመራመር ትወጃለሽ!"

ተቀበርኩ፤ እስከ ክርኔ። እንድሪስ ጃንጥላ ይዞልኝ ዱዓ ያደርጋል፣ ሰይድ አሸዋውን ያለብሳል። ያን ዕለት ማታ እጆቼ እንደተነፋ ፊኛ ሆነው ቆዳው አብለጨለጨ። "ብርዱ ሊወጣ ሲል ነው" ተባለ። በማግስቱ ደግመው ቀበሩኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ የሰይድን አካፋ ነጠቅኩት ልላችሁ ነበር፤ በየትኛው ጣቴ? በክርኔ ገፍቼ ወንዙ ውስጥ ጣልኩት። "ስሞት ትቀብሩኛላችሁ እንጂ በቁሜ አትቀብሩኝም!" አልኳቸው። እንድሪስ አካፋውን ሊያወጣ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃ ገባ።

ከዚያ የክሊኒክ ዙረት ተጀመረ። አንዱ ጋ ደም ሰጠሁ፤ ወባ የለም፣ ታይፎይድ አለ። ኪኒኑን ጨረስኩ፤ እጄ እንደዛው። ሌላው ጋ ሄድኩ፤ አሁንም ታይፎይድ። "ጨርሼ መምጣቴ እኮ ነው" ብላቸው "ኃይለኛ ዓይነት ነው፣ መርፌ ይሻልሻል" ተባልኩ። ሦስተኛው ጋ ሪህ ነው፣ ሥጋ አትንኪ አሉኝ፤ ሥጋን ከዒድ ወዲህ መቼ አይቼው! የሕመም ማስታገሻ ይወጉኛል፤ ያን ቀን ጣቶቼ ይታጠፋሉ፣ ኃይሉ ሲያልቅ ይመለሳል፣ የሚተርፈኝ የጨጓራ ቃጠሎ ነው። ጊደራችን ተሸጣ በዚህ አለቀች። ባለሙያዎቹን አልረግማቸውም፤ ትኩሳት ሁሉ ወባ ወይም ታይፎይድ በሆነበት አገር የኔን ዓይነት በሽታ የት ያዩታል? የሚያናድደኝ ግን ከእነሱ መካከል "አላወቅኩትም" የሚል አንድ ሰው መጥፋቱ ነው።

የወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ደግሞ ራሱን የቻለ ሆስፒታል ነው፤ የተቀመጠበት ሁሉ ሐኪም ነው። አንዷ የሰው ዓይን ነው አለችኝ። አንዱ ሽንኩርት ላይ የምትረጩት መድኃኒት ነው አለኝ። አንድ ሽማግሌ እጄን አገላብጠው አዩና "አንቺ ሴት፣ ባልሽን በድለሻል" አሉኝ።

"አባቴ፣ አንቱስ ማንን በድለው ነው እዚህ የተቀመጡት?" አልኳቸው።

ወንበሩ ሙሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ከሁሉ ብሰው ሳቁ። ስሜ ሲጠራ ክንዴን ደግፈው ያስነሱኝ እሳቸው ነበሩ። በዚያን ሰሞን ከተደረገልኝ ሕክምና ሁሉ የማስታውሰው ይህንን ነው።

ቤት ውስጥ ግን ሳቅ እየጠፋ ሄደ። ፀጉሬን የምታበጥረኝ ልጄ ሆነች። እንድሪስ ሽንኩርት ሲጭን ውሎ መጥቶ ወጥ ይሠራል፣ ያሳርረዋል፣ ሁላችንም ያንኑ እንበላለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰለቸው እንጂ። ሰለቸኝ አላለኝም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ መተኛት ሲጀምር አወቅኩት።

እንድሪስ ሽንኩርት ጭነት ላይ ስለሚውል፣ የውኃ ተራዬ ሲደርስ ቦዩን የሚከፍትልኝ ሰይድ ነበር። መጀመሪያ "የእህቴ ተራ ነው" ይል ነበር። እየቆየ "ተራዬ ደርሷል" ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ እንድሪስን ጠራና አጠገቡ አስቀመጠው።

"ይቺ ልጅ ከእንግዲህ ጭቃ አትነካም" አለው። "መሬቱን እኔ ልያዘው፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። ለእሷው ብዬ ነው።"

እንድሪስ አንገቱን ደፋ።

"እኔ እዚሁ ነኝ ጋሼ። ለምን ለእሱ ትነግረዋለህ?" አልኩ።

"አንቺማ ታመሻል።"

"ያመመኝ እጄን ነው፣ ጆሮዬን አይደለም።"

ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልተወም። ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እንደቀሩ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ አንድ ወጣት ባለሙያ እጆቼን አየ፣ ጠዋት ለስንት ሰዓት ደርቀው እንደሚቆዩ ጠየቀኝና "እኔ ይህን አላውቀውም። እዚህ አትቆዪ፣ ወደ ላይ፣ ትልቅ ሆስፒታል ሂጂ" አለኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። ወደ አዲስ አበባ ይዘውኝ የወጡት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ልጃቸው እዚያ ስለምትኖር ማረፊያ አላጣንም። አውቶቡሱ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ መስኮቱን በክርኔ ከፈትኩና ብርዱን ሆን ብዬ ፊቴን አስመታሁት። "አንተ ከሆንክ ያደረግኸው፣ በል አሁን ጨርሰኝ!" አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸብኝ፤ እትዬ አስካለ እያማተቡ መስኮቱን ዘጉት። ዋሻውን አልፈን ስንወጣ እጄ ከነበረበት አልባሰም።

እዚያ ሆስፒታል ያገኘኋት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። መገጣጠሚያዬን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገች አየች፣ ደም አስመረመረች፣ ራጅ አስነሳችኝ። በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል፤ የሰውነቴ መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያዬን ጠላት መስሎት እየመታው ነው አለችኝ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሰጠችኝ። አንደኛው ትንንሽ ኪኒን፣ ለአጭር ጊዜ በየቀኑ፣ እየተቀነሰ የሚቆም። ሁለተኛው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። እሱን እየወሰድኩ ማርገዝ እንደሌለብኝም ነገረችኝ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ይዞ የቆመው ሰው በሩን ሊጥሰው ደርሶ ነበርና ከዚያ በላይ አላወራንም።

ትንንሾቹን ኪኒኖች ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ጣቶቼን ሰብስቤ ጨበጥኩ። በሦስተኛው ቀን! ልክ እንደ ወባው! ግንባሬንም መዳፌንም መሬት ላይ አሳርፌ ሰገድኩና እዚያው እንደተደፋሁ ቆየሁ። እንድሪስ አጠገቤ ቁጭ ብሎ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ይላል። ትንንሾቹ ሲያልቁ የሳምንቱን ኪኒንም ተውኩት። ሲጀመር ያጥወለውለኛል፤ ከዚያ ደግሞ ድኛለሁ፤ የዳነ ሰው ምን ኪኒን ይውጣል? የተረፈውን ጉልበቷን ለሚያማት ዘመዴ ልሰጥ ስል እትዬ አስካለ አዩኝና ነጠቁኝ። "የማታውቂውን ነገር ለሰው አትስጪ" ብለው ደበቁት። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ደረቴን እንድደቃ የምትጠብቁ ካላችሁ አልደቃም። ከመሻል በኋላ መድኃኒት መዋጥ እኛ አገር ማን ያውቅበታል?

የውኃ ተራዬ ሳይደርስ ተመለሰብኝ። ያውም ብሶ፤ ክርኔንና መንጋጋዬን ጨምሮ። የክረምቱ ማሾ ሊደርስ ሲል እኔ አልጋ ላይ ያለ ሰው እርዳታ መገላበጥ አቃተኝ። ቀን ቀን እናደዳለሁ፤ ንዴት ይሻላል። ሌሊት ግን እፈራለሁ። ሐያት ሙሽራ ስትሆን እጇን ሂና የሚቀባት ማነው እያልኩ ጣራውን አያለሁ። ሰይድ መጥቶ "አላልኩሽም?" አለኝ። ጋሽ ይማምንም አናግሯቸው ኖሯል፤ ዓመቱ በሚሞላበት ዙር ተራው በስሙ እንዲሆንለት። አብሮት የመጣው የአጎቴ ልጅ "አብሽሪ፣ ሁሉም ለኸይር ነው" አለኝ። ለኸይር ይሁን አይሁን አላህ ነው የሚያውቀው፤ እሱ ግን የማሾዬን መደብ እያየ ነበር የሚያወራው። "እንድሪስ፣ ነገ አዲስ አበባ ትወስደኛለህ" አልኩ።

እንድሪስ ደግፎ እስከ በሩ አደረሰኝ፤ ሐኪሟ ክፍል ገብቼ ሳልቀመጥ ጀመርኩ። "መድኃኒትሽ አታለለኝ!"

"መቼ ነው ያቆምሽው?"

"ሲሻለኝ።"

"ለምን?"

"ስለተሻለኝ ነዋ!"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ተነስታ በሩን ዘጋችና "ያን ቀን በደንብ አላስረዳሁሽም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን ተቀመጪ" አለችኝ። ሐኪም ይቅርታ ሲጠይቀኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለነበር ተቀመጥኩ።

"እሾህ ወግቶሽ ያውቃል?"

"ቆላ ተወልጄ?"

"ምን ይሆናል?"

"ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። እሾሁ ሲወጣ ይተወኛል።"

"ያ እብጠት የእሾሁ ሥራ አይደለም፤ የራስሽ ሰውነት ሥራ ነው። ብግነት እንለዋለን። ለጥበቃ የተመደቡት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ሲሮጡ የሚመጣ ነው።"

ከዚያ ስለ ዘረመል ነገረችኝ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከእናት ከአባት የወረስነው መመሪያ ሙሉው አለ፤ የዓይኑም፣ የጉበቱም፣ የደሙም ሕዋስ የያዘው ያንኑ መመሪያ ነው። የሚለያዩት ከመመሪያው የትኛው ተከፍቶ እንደሚሠራ፣ የትኛው ተዘግቶ እንደሚቀመጥ ነው። የጥበቃው ሕዋስ ጠላት ሲያገኝ የብግነት መልእክት የሚያመርቱትን ዘረመሎች ይከፍታል፤ መልእክቱ ሌሎቹን ሕዋሳት ይጠራል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሌሎች ዘረመሎች በተራቸው ይከፈቱና የመጀመሪያዎቹን ይዘጓቸዋል።

"አጣዳፊው ብግነት ይህ ነው" አለች። "ይከፈታል፣ ይሠራል፣ ይዘጋል። ሥር የሰደደው ግን አልዘጋ ያለው ነው። ያንቺ ብግነት ጠላት ሳይኖር ተከፍቶ ቀርቶ መገጣጠሚያሽን እየበላው ነው።"

እጆቼን አየኋቸው። "ይሄማ ቦይ ነው" አልኩ።

"እንዴት?"

"ሽንኩርቱ ሲጠማ የቦዩን አፍ እንከፍታለን፤ ሲጠጣ እንዘጋለን። ሳይዘጋ ካደረ ያው ያበቀለው ውኃ ያበሰብሰዋል። ውኃው ግን ጠላት አይደለም።"

ፈገግ አለች። "አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እነዚህ ሕዋሳት ያስታውሳሉ። በኃይል የተከፈተ ቦታ ምልክት ይቀርበታል፤ ሌላ ጊዜ በትንሽ ነገር ይከፈታል።"

"የተሸረሸረ አፍ! ጭቃው ልል ይሆናል፤ ጠዋት ብትዘጊው ማታ ይጣሳል።"

"ትንንሾቹ ኪኒኖች ጎርፉን ለጊዜው ነው የገቱልሽ። አፉን ቀስ እያለ የሚያጠብቀው የሳምንቱ ነው። ወራት ይፈጃል። እንደ አዲስ አይሠራውም፤ እስከያዝሽው ድረስ ግን ይይዛል። ስትለቂው ይጣሳል።"

"ለምንድነው የኔ አልዘጋ ያለው? ምን አድርጌ ነው?"

"ምንም አላደረግሽም። ብርድም አይደለም፣ ዓይንም አይደለም። ከፊሉ የሚወረስ ነው፣ ከፊሉ ከኑሮ የሚመጣ። ሙሉውን እኛም ገና አናውቀውም።"

አናውቀውም አለች፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ። ከዚያ በኋላ የምትለኝን ሁሉ አመንኳት። ኪኒኑን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንድወስድ፣ በስህተት በየቀኑ ከወሰድኩት እንደሚመርዘኝ አስጠነቀቀችኝ። ቀን ምረጪ ስትለኝ ጁምዓን መረጥኩ፤ ጁምዓን አልረሳም። ማጥወልወሉን የሚያስታግስ ቫይታሚን በሌላ ቀን ጨመረችልኝ፤ ጉበቴን ጎድቶት እንደሆነ ለማየት በየጊዜው ለምርመራ ደም እንድሰጥ አዘዘችኝ።

ስንመለስ እንድሪስን ቤት አላስገባሁትም፤ በቀጥታ ቦዩ አፍ ላይ ወሰድኩትና ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ውኃውን እያሳየሁ ነገርኩት። ስለ እርግዝናውም ነገርኩት፤ ወንድ ልጅ ይመኝ እንደነበር አውቃለሁ። ጎንበስ ብሎ እጁን ውኃው ውስጥ ነከረ። "ሐያት ትበቃኛለች፤ አንቺ ዳኚልኝ" አለኝ በመጨረሻ። ወላሂ፣ አንጀቴን አራሰው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ውኃ ቀድቶ ኪኒኔን ማምጣት ነው።

ይህን ግን ማር እየቀባሁ አልነግራችሁም። ትንንሾቹን፣ ፈጣኖቹን ኪኒኖች ደግማ ሰጥታኝ ስለነበር ጎርፉ ጋብ አለ፤ የሳምንቱ ግን ወር ሞልቶት ምንም የሠራ አይመስልም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዴ ይላወሳል። ፈጣኑን ስቀንስ ሕመሙ ብቅ ይላል፣ እኔም "ውኃ ነው" ብዬ ልተው እቃጣለሁ፣ ከዚያ የተሸረሸረውን አፍ አስብና እውጣለሁ። መንደሩ "አሁንም አልተዋትም እኮ" ሲል ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንድ ጠዋት ሐያትን ለትምህርት ቤት ሳለባብሳት ልጅቷ ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች።

"እማ፣ ቆለፍሽልኝ።"

ቁልፉን ሁሉ ጨርሼዋለሁ፤ እኔ አላስተዋልኩም። መቼ እንደተሻለኝ የማላውቀው ለዚህ ነው።

አንቺ ጣቶችሽ ጠዋት ለረጅም ሰዓት የሚደርቁብሽ፣ ሁለቱም እጅሽ እኩል የሚያብጥብሽ፣ ስሚኝ። የሚፋጅ እጅሽን አሸዋ ውስጥ አትቅበሪ። ታይፎይድ ነው ተብለሽ መድኃኒቱን ጨርሰሽ እጅሽ እንደዛው ከሆነ ዳግመኛ ታይፎይድ ነው ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪ፤ ወደ ላይ ላኩኝ በዪ። ሐኪሙ ካላስረዳሽ ከወንበሩ አትነሺ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ትንሽ ይቆጣ። ቶሎ ብሄድ ኖሮ ሁለቱ የቀኝ እጄ ጣቶች ወደ ጎን ባልተጣመሙ ነበር። እነሱ እንደዚያው ቀርተዋል። የዶማዬን እጀታ በባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቅልዬ አወፍሬዋለሁ፤ ወፍራም ነገር መጨበጥ ይቀለኛል።

ዓመቱ የሚሞላበት ዙር ሐሙስ ቀን ዋለ። ሰይድ ቀድሞኝ ቦዩ አፍ ላይ ቆሟል። ከእኛ ቀጥሎ ተራ ያላቸው ሰዎችም ከነአካፋቸው ተሰብስበዋል። እንድሪስ ከኋላዬ ነው፤ እንዳይቀድመኝ ነግሬዋለሁ። ጋሽ ይማም ምርኩዛቸውን ተክለው እንደ ደንቡ ጠየቁ።

"ተራው የማን ነው?"

ሰይድ አፉን ሳይከፍት "የእኔ ነው!" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

ሰይድ ዞሮ አየኝ። "ዘሐራ፣ ይብስብሻል። እኔ ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ አንዴ ቀብረኸኛል ጋሼ። ይበቃኛል።"

አንዳንዱ ሳቁን ለመደበቅ ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ይማም አልሳቁም። "ደንቡ ደንብ ነው። በእጇ ትክፈት፤ በእጇ ትዝጋ" አሉ።

ተንበርክኬ ጭቃውን አነሳሁ። መክፈት ቀላል ነው፤ ትንሽ ከነኩት ውኃው ራሱ ይጨርሰዋል። ሽንኩርቴን መደብ በመደብ አጠጣሁ፣ እንድሪስ በአካፋ ውኃውን ይመራልኛል። ፀሐዩ ሲበረታ ጨረስንና ወደ ቦዩ አፍ ተመለስኩ። ጉዱ ያለው መዝጋቱ ላይ ነው። ውኃው ይገፋል፤ ድንጋዩን አስቀምጠሽ፣ ጭቃውን ከሥር ዝቀሽ፣ በመዳፍ ተጭነሽ መያዝ አለብሽ። የመጀመሪያውን ጭቃ ወሰደብኝ። ሁለተኛውንም። የቀኝ አንጓዬ ጠዘጠዘኝ። ሰይድ ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ድንጋዩ ሲሰድ ጋሽ ይማም ምርኩዛቸውን ፊቱ አጋደሙበት።

"እጅህን ሰብስብ" አሉት።

ጣቶቼን ተውኳቸውና በሁለት መዳፌ፣ በሙሉ ክብደቴ ተደገፍኩበት። ውኃው ተንፏቀቀ፣ ጠበበ፣ በአንድ ጥግ ብቻ እየተንዠቀዠቀ ቀረ። እዚያች ጥግ ላይ ጭቃ ጨመርኩ፤ ደግሜ ጨመርኩ። ቆመ። ጋሽ ይማም ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ጭቃው ላይ አሳረፉ፣ ተጫኑት፣ ጠበቁ። ከዚያ ቀና ብለው ለቀጣዩ ባለተራ ጮኹ።

"የዘሐራ ተዘግቷል!"

ሰይድ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። "ጠንካራ ነሽ" ብሎኝ ሄደ። እኔም ጭቃው እጄ ላይ እየደረቀ ወደ ቤት ሄድኩ። ማታ እጄ አበጠ፤ አልዋሽም። በማግስቱ ጁምዓ ነበር፤ እንድሪስ ውኃ ይዞልኝ መጣ፣ ኪኒኔን ዋጥኩ።